ግራና ምን እያደመጠች ነው?

ገበያ በሚቆምበት ቀን በሰሜን ወሎዋ የግራና ከተማ ሰው ከሚበዛባቸው ቤቶች አንዱ የሞባይል ጥገና ቤት ነው። ሽንኩርቱንና ማሽላውን ሸጦ፣ ጨውና ሳሙናውን ገዝቶ የጨረሰ ገበሬ ወደ ቀበሌው ከመመለሱ በፊት እዚያ ጎራ ይላል። ከደረት ኪሱ ትንሿን ስልክ አውጥቶ የጀርባ ክዳኗን ይከፍታል፤ ባትሪውን አንስቶ ጥፍር የምታክል ሜሞሪ ካርድ ይመዛል። «ዘፈን ሙላልኝ» ነው ትዕዛዙ። ባለሙያው ካርዱን ላፕቶፑ ላይ ይሰካና «ምን ዓይነት?» ብሎ ይጠይቃል።

መልሱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ አይደለም። የማሪቱ ለገሰ አምባሰል፣ የራያ ምት ያለው የሠርግ ዘፈን፣ የጥላሁን ገሠሠ የድሮ ሥራ፣ የቴዲ አፍሮ አልበም፣ ልጁ አደራ ያለው አዲስ የወጣ ነገር ሁሉ እዚያችው ካርድ ላይ ይገባል። ቀጥሎ የቆመው ሰው መንዙማና ነሺዳ ያስቀድማል፤ ከኋላው ያለችው እናት መዝሙር ብቻ ትፈልጋለች። ክፍያው ተከፍሎ፣ ካርዱ ተመልሶ ከባትሪው ሥር ገብቶ፣ ድምፁ ገና በር ላይ ይለቀቃል።

ሰው የሚሰማው ዘፈን የት እንዳደገ፣ ምን ሠርቶ እንደሚያድር፣ ማን እንደናፈቀው ይናገራል። ስለዚህ ያቺን ካርድ መከተል የአካባቢውን ሰው መከተል ነው። ምን እንደተሞላባት፣ የተሞላው ከየት እንደመጣ፣ በመንገድ ላይ ምን እንደጎደለ ማየት ያስፈልጋል። የጎደለ ነገር አለና።

በወንዞች መካከል ያለ ጆሮ

ግራና፣ መርሳና ውርጌሳ የሀብሩ ወረዳ ከተሞች ናቸው። ሀብሩን በደቡብ በኩል ሚሌ ወንዝ ከደቡብ ወሎ ይለየዋል፤ ከወንዙ ማዶ ወዳለው አገር ዘለቅ ሲሉ አምባሰል አለ። በሰሜን አላውሃ ወንዝ ከቆቦ ጋር ያዋስነዋል፤ ከዚያ ወዲያ ራያ ነው። በምሥራቅ አፋር፣ በምዕራብ ጉባ ላፍቶ፣ ከጉባ ላፍቶ ባሻገር ደግሞ የላስታ ደጋ ይገኛል። ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚወስደው አውራ ጎዳናም መርሳን አቋርጦ ወልድያ ይገባል።

እዚህ የተወለደ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ከአራቱም አቅጣጫ የሚመጣ ዜማ ይሰማል። የላስታና የአምባሰል ዜማ ከአንገትና ከትከሻ እስክስታ ጋር ይመጣል፤ የራያው ከበሮ ፈጠን ብሎ እግርን ያነሳል። በነሐሴ አጋማሽ ልጃገረዶች ከበሮ ይዘው በሚወጡበት ሰሞን በዓሉ በላስታ አሸንድዬ፣ በዋግ ሻደይ፣ በቆቦ ሶለል እየተባለ ይከበራል። ግጥሙም ምቱም ከቦታ ቦታ ይለያያል። የሀብሩ ልጅ ግን ብዙውን ያውቀዋል፤ በሠርግ፣ በገበያና በዝምድና ሰምቶታልና።

ሥራውም የራሱ ድምፅ አለው። በደቦና በወንፈል አጨዳ ጊዜ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ማጭዱም በዚያው ልክ ይሄዳል። ማሽላው ሲያሸት ልጆች ማማ ላይ ወጥተው ወፍ ይጠብቃሉ። ድሮ ማማው ላይ ወንጭፍና የጠባቂው ጩኸት ብቻ ነበሩ። አሁን ከምሰሶው ላይ የተንጠለጠለች ስልክ ቀኑን ሙሉ ስትዘፍን ትውላለች፤ ባትሪዋ ሲያልቅ ነው ልጁ ራሱ ማዜም የሚጀምረው።

ከትዝታ እስከ አምባሰል፣ ሦስት ጅማት

በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም ሆነ በየኪነት ቡድኑ አራት ዋና ዋና ቅኝቶች ይጠቀሳሉ፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ለኔ። ከአራቱ ሁለቱ የወሎ ቦታዎች ስም ናቸው። ባቲ ከደሴ በስተምሥራቅ ያለች የገበያ ከተማ ነች፤ አምባሰል ደግሞ ከሀብሩ በስተደቡብ ያለው ተራራማ አገር ነው። የግራና ሰው አምባሰልን ሲያደምጥ የሚሰማው የጎረቤቱን አገር ነው ማለት ነው።

ቅኝቶቹ በአምስት በአምስት ድምፆች የተዋቀሩ ናቸው። ልዩነታቸውን ለመረዳት ከክራር የተሻለ አስተማሪ የለም። በተለምዶ በሚሰጠው ትምህርት ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ክራር መቺው ከዚህ ወደ አምባሰል መሻገር ሲፈልግ ዶንና ሶልን አይነካቸውም። ሬን በግማሽ ድምፅ ያላላል፣ ሚን በግማሽ ድምፅ ወደ ፋ ያጠብቃል፣ ላንም በግማሽ ድምፅ ያላላል። ሦስት ጅማት በግማሽ በግማሽ ድምፅ ብቻ ተንቀሳቅሶ አጠቃላይ ስሜቱ ይለወጣል። ትዝታ ላይ የነበረው ሰፊና የተዘረጋ ናፍቆት ይቀርና፣ ዝቅ ካለው ሬ ወደ ዶ ሲወርድ አንጀት የሚበላ ድምፅ ይመጣል። ከአምባሰል ወደ አንቺ ሆዬ ለመሄድ ደግሞ ሶል ግማሽ ድምፅ ዝቅ፣ ላ ግማሽ ድምፅ ከፍ ይላል። ብዙ የሠርግ ዜማዎች የሚሄዱት በዚህ በአንቺ ሆዬ ነው። ባቲ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ብሎ ይደረደራል፤ ሌላም መልክ አለው።

ሜሞሪ የሚያስሞላው ገበሬ ይህን ስሌት አያውቅም፤ ማወቅም አይጠበቅበትም። ዘፈኑ ተጀምሮ ማሲንቆው ሁለቴ ሲሳብ ግን ጆሮው ይለየዋል። አምባሰል የጠየቀ ሰው ባቲ ቢሞላለት «ይኼን አይደለም ያልኩህ» ብሎ ይመልሳል። ይህ ጆሮ በትምህርት ቤት የተገኘ አይደለም፤ ከእናት እንጉርጉሮ፣ ከሙሾና ከአዝማሪ የተወረሰ ነው።

በዘመናችን የዚህ ጆሮ ዋና መስፈሪያ ማሪቱ ለገሰ ነች። በደርግ ዘመን በየክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድኖች ሲደራጁ ደሴ ላይ የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን ነበር፤ ማሪቱ ስሟን ያስጠራችው በዚያ ነው። ከዚያ በኋላ ለረዥም ዓመታት አሜሪካ ኖራለች። በወሎ ገጠር ግን ድምጿ አልራቀም። የእሷን አምባሰል ሰምቶ ያደገ ሰው ሌላው ሲዘፍነው በእሷ እየለካ ነው የሚያደምጠው። ትዝታን በበዛወርቅ አስፋው ድምፅ የለመደ ሰውም እንዲሁ ያደርጋል።

መንዙማው፣ መዝሙሩና የጾሙ ወር

የሀብሩ ሰው የሚያደምጠውን በአንድ ቀን አይቶ መፍረድ አይቻልም። ወቅቱ ሲለወጥ የሚሰማውም አብሮ ይለወጣል።

ሁዳዴ ሲገባ ከመርሳ ወልድያ የሚመላለሱ የብዙ ክርስቲያን ሾፌሮች ፍላሽ ይቀየራል። ዘፈኑ ይነሳና መዝሙር ይገባል፤ በገናም ይሰማል። አሥር አውታር ያለው በገና ለአደባባይ ጭፈራ የሚሆን መሣሪያ አይደለም። ድምፁ ወፍራምና ዝግ ያለ ነው፤ ለብቻ ተቀምጦ ለሚያደምጥ ሰው የተሠራ ነው። ዓለሙ አጋን የመሰሉ ደርዳሪዎች ከሀገር ውጭም አስተዋውቀውታል። ፋሲካ አልፎ ዳግማይ ትንሣኤ ሲመጣ ፍላሹ እንደገና ይቀየራል፤ የሠርግ ወቅት ነውና መንገዱ ሁሉ የሙሽራ ዘፈን ይሆናል።

ረመዳን ሲገባ ደግሞ የሙስሊሙ ቤት፣ ሱቅና ባጃጅ በነሺዳና በመንዙማ ይያዛል። ወሎ የመንዙማ አገር ነው። ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የመጣውን የሃይማኖት ጫና የተቃወሙት ሸህ ጠልሀ ጀዕፈር በአማርኛ የደረሷቸውን መንዙማዎች በዓረብኛ ፊደል ጽፈዋቸዋል። ከእሳቸው በኋላም የጫሌው ሸህን የመሰሉ ሊቃውንት ድርሰቶች በወዳጃው፣ በመውሊዱና በዚያራው ከድቤ ጋር ሲዜሙ ኖረዋል። በካሴት ዘመን የሸህ መሐመድ አወል ሐምዛ ድምፅ ከወሎ አልፎ በመላ አገሪቱ ተሰማ። አማርኛ የሚሰማ ክርስቲያን ጎረቤት ሳይቀር ዜማውን በቃሉ የሚያውቀው መንዙማ ጥቂት አይደለም። በወሎ አንድ ቤተሰብ ውስጥ ሁለቱም ሃይማኖት መኖሩ አዲስ ነገር አይደለምና የእኅት ሜሞሪና የወንድም ሜሞሪ በአንድ መደርደሪያ ላይ ያድራሉ።

ሐዘንም የራሱ ሕግ አለው። ጎረቤት ሰው ከሞተ ቴፕ አይከፈትም። ድንኳን ተተክሎ ሳለ መንገድ ላይ ዘፈን ከፍቶ የሚያልፍ ባጃጅ ካለ «አጥፋው!» የሚለው ብዙ ነው። ሰሜን ወሎ ባለፉት ዓመታት ብዙ ሐዘን ስላየ፣ ዘፈን የጠፋባቸው ወራትም ብዙ ነበሩ።

ከሸክላ ወደ ካርድ

ሙዚቃ ወደዚህ አካባቢ የገባበት መንገድ ምን እንደሚደመጥ ሲወስን ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ የመንግሥትን የሸክላ ኅትመት ብቸኛ መብት ደፍሮ የራሱን ኩባንያ ሲያቋቁም፣ አንድ ትንሽ ሸክላ በአንድ ፊት አንድ፣ በሌላው ፊት አንድ፣ በጠቅላላ ሁለት ዘፈን ይይዝ ነበር። ኩባንያው እስከ 1975 ባሉት ዓመታት ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎችን አሳተመ። ሸክላ ማጫወቻ ግን የከተማ ዕቃ ነበር፤ ገጠሩን በእጅጉ የደረሰው ሬዲዮ ነው።

ቀጥሎ ካሴት መጣ። አንድ ካሴት አሥር ወይም አሥራ ሁለት ዘፈን ይዞ በአውቶቡስና በአይሱዙ እስከ ወረዳው ከተማ ዘለቀ። ከደሴ ወልድያ የሚጓዝ ሰው ሾፌሩ የወደደውን ሲያደምጥ ይውላል፤ መርሳ ሲወርድ የወደደውን ካሴት ሙዚቃ ቤት ገብቶ ይጠይቃል። የካሴቱ ሽፋን ደግሞ የሚነበብ ነገር ነበረው። የድምፃዊው ፎቶ፣ ከጀርባው የዘፈኖቹ ዝርዝር፣ ግጥምና ዜማ የማን እንደሆነ፣ ያቀናበረው ማን እንደሆነ ታትሞበት ነበር። ማንበብ የሚችል ልጅ ለቤተሰቡ ያነብ ነበር። የግጥምና የዜማ ደራሲዎችን ስም ሕዝቡ ያወቀው በዚያ ወረቀት ነው።

ሜሞሪ ካርድ ይህን ሁሉ ለወጠው። አንድ ዘፈን በአማካይ 4 ሜጋባይት ቢይዝ 8 ጊጋባይት ካርድ 2,000 ያህል ዘፈን ይሸከማል። በአንድ የገበያ ቀን፣ ለአንድ ካሴት ዋጋ እንኳ በማይበቃ ገንዘብ፣ የአንድ ዘመን ሙዚቃ ኪስ ውስጥ ይገባል። ሽፋን ግን የለውም። ስልኳ ላይ የሚታየው «ትራክ 07» ወይም «ምርጥ የወሎ» የሚል ነው፤ አንዳንዱ ላይ ከዚህም ያነሰ ቁጥር ብቻ ይታያል። ድምፃዊው ማን ነው? ግጥሙን ማን ጻፈው? ማሲንቆውን የመታው ማን ነው? ካርዱ አይመልስም።

ኔትወርክ በጠፋበት ጊዜ

የአዲስ አበባ ወጣት ዛሬ ዘፈን ከዩቲዩብና ከቲክቶክ ያገኛል። በ2011 ዓ.ም. ኤልያስ መልካ፣ ጆኒ ራጋና ኃይሌ ሩትስን ጨምሮ የሙዚቃ ሰዎች በጋራ አውታር የተባለውን መተግበሪያ ሲጀምሩ፣ ሰው በስልኩ ሒሳብ ዘፈን እየገዛ እንዲያደምጥና ገንዘቡ ለባለሙያው እንዲደርስ አስበው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰዋስውን የመሰሉ ሌሎችም መጥተዋል። እነዚህ ሁሉ ግን ኢንተርኔት ይፈልጋሉ።

የሰሜን ወሎ ያለፉት ዓመታት ታሪክ ደግሞ የመቋረጥ ታሪክ ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት በትግራይ የተጀመረው ጦርነት ወልድያና መርሳ ሲደርስ መብራትም ስልክም ጠፋ፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ አካባቢው ከሌላው አገር ተቆርጦ ከረመ። ከዚያ ቀና ማለት ሲጀምር በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭት ተቀሰቀሰ። አስቸኳይ ጊዜ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም በክልሉ ለብዙ ወራት ተዘጋ።

ኢንተርኔት በሌለበት ጊዜ ሙዚቃ ግን አልቆመም። ከአዲስ አበባ ወይም ከሌላ ክልል የመጣ ሰው ፍላሽ ይዞ ይመጣል። ፍላሹ የሞባይል ጥገናው ላፕቶፕ ላይ ይገለበጣል፤ ከላፕቶፑ ወደ መቶ ካርድ ይሄዳል፤ ከካርድ ወደ ካርድ ደግሞ በብሉቱዝና በዜንደር ይሻገራል። በዚህ ምክንያት አዲስ ዘፈን እዚህ ሲደርስ አዲስ አበባ ላይ ሰንብቶ ሊሆን ይችላል። በአንጻሩ የድሮ ዘፈን ዕድሜ ረዘመ። አዲስ በማይገባበት ወር ያለው ይደጋገማልና፣ በ2009 ዓ.ም. የወጣው የቴዲ አፍሮ «ኢትዮጵያ» አልበምም፣ ከዓመት በኋላ የመጣው የሮፍናን «ነጸብራቅ»ም፣ ከእነሱ በፊት የነበሩት የነዋይ ደበበና የአስቴር አወቀ ሥራዎችም በአንድ ረድፍ ይደመጣሉ። የሃያ ዓመት ወጣት ከመወለዱ በፊት የወጣን ዘፈን የራሱ ዘመን ዘፈን አድርጎ ሲያዜም መስማት እዚህ የተለመደ ነው።

ሌላው መንገድ ዓረብ አገር ነው። ከሀብሩ ወደ ሳዑዲ የሄደ ልጅ የሌለው ሰፈር ማግኘት ይከብዳል። ኔትወርክ ባለ ጊዜ በኢሞና በዋትስአፕ የሚመጣው ድምፅ ብቻ አይደለም፤ ዘፈንም ይመጣል። ጂዳ ወይም ሪያድ በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ የናፈቀችውን የወሎ ዘፈን ለእናቷ ትልካለች። እናቲቱም ዘፈኑን ስትሰማ የምታስበው ዘፋኙን አይደለም፤ ልጇን ነው። እዚህ አካባቢ ትዝታ ለምን እንደማያረጅ ለማወቅ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

ስሙ የተጻፈለትና ያልተጻፈለት

ወደ ጎደለው ነገር፣ ወደ ባለቤቱ ስም፣ እንመለስ።

የኢትዮጵያ ሙዚቃ በዓለም የታወቀበትን መንገድ እንይ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በማሕሙድ አሕመድ ሸክላ ተማርኮ ፍለጋ ገባ፤ «ኧረ መላ መላ» እ.ኤ.አ. በ1986 አውሮፓ ውስጥ ታተመ። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ ሥራ የአምሃ እሸቴና የሌሎች አሳታሚዎች ሸክላዎች በድጋሚ ወጡ። የሙላቱ አስታጥቄ ሥራዎችም እ.ኤ.አ. በ2005 ጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» ፊልሙ ውስጥ ሲያስገባቸው አዲስ አድማጭ አገኙ። ከእያንዳንዱ «ኢትዮፒክስ» አልበም ጋር ማን እንደዘፈነ፣ ማን እንዳቀናበረ፣ መቼ እንደተቀረጸ የሚናገር ጽሑፍ አብሮ ይወጣል። ፓሪስ ያለ አድማጭ የሙላቱን፣ የጌታቸው መኩሪያንና የአስናቀች ወርቁን ስም የያዘው በዚህ ነው። ሙዚቃው ጥሩ ስለሆነ ተወደደ፤ ስሙ ስለተጻፈ ደግሞ ባለቤቶቹ ታወቁ፣ ተጋበዙ፣ ከፊሎቹም በእርጅናቸው ዘመን በዓለም መድረክ ላይ ቆሙ።

የመንዙማው ትውፊትም ይህን ያውቅበታል። አንድ መንዙማ ሲነሳ «የሸህ እገሌ ነው» ይባላል። ደረሳው ከሸኹ ሲቀበል ድርሰቱን ከደራሲው ስም ጋር ይቀበላል፤ ስሙን መጣል ድርሰቱን ማዋረድ ነው። መቶ ዓመት ያለፈው ድርሰት ባለቤቱ እስካሁን የሚታወቀው በዚህ ሥርዓት ነው።

የሀገር ልጅ ዘፈን ግን ይህ ዕድል አልገጠመውም። በመርሳና በወልድያ አካባቢ ሠርግ ላይ የሚቀረጽ ድንቅ ድምፅ አለ። ማሲንቆ መቺው ሌሊቱን ሙሉ አምባሰል ይጫወታል፤ አንዲት እናት ተነስታ ሙሽራዋን እያሞገሰች ግጥም ታወርዳለች፤ አንድ ልጅ በስልኩ ይቀርጻል። በሳምንቱ ያ ድምፅ በሦስት ወረዳ ሜሞሪ ላይ ይገኛል። ሁሉም ሰምቶታል፣ ሁሉም ወዶታል፤ የማን እንደሆነ የሚያውቅ ግን የሠርጉ ሰው ብቻ ነው። ዓመት ሲሞላው አንድ የከተማ ድምፃዊ ዜማውን ወስዶ «የሕዝብ» ብሎ ቢያወጣው ማንም ሊከራከረው አይችልም።

ሕጉ አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጥቷል፤ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። ከዋኙንም፣ የዜማና የግጥም ደራሲውንም ይጠብቃል። ነገር ግን ስሙ የትም ያልተመዘገበን ሰው ሕግ ሊጠብቀው አይችልም። የመጀመሪያው ጥበቃ ስምን ከድምፁ ጋር ማኖር ነው። ይኼ ደግሞ ፍርድ ቤትም በጀትም አይጠይቅም።

«ዘፈን ሙላልኝ» ባዩን ገበሬ መውቀስ አይገባም፤ ከዚህ ሌላ መንገድ አልቀረበለትም። የሞባይል ጥገናውም ልጅ በብርቱ ጊዜ ሙዚቃ ከሰው እንዳይለይ ያደረገ ነውና ምስጋና ይገባዋል። እንዲያውም ሥራው የሚጀምረው ከእሱ ነው። ፎልደር ሲከፍት «ወሎ ሚክስ» በማለት ፈንታ የዘፋኙን ስም፣ ቦታውንና ዓመቱን ቢጽፍ፣ ከላፕቶፑ የሚወጣው ሁሉ ስም ይዞ ይወጣል። ሠርግ ላይ የሚቀርጽ ወጣት ከዘፈኑ በፊት አሥር ሰከንድ ወስዶ «ስምዎ ማን ይባላል? የየት አገር ሰው ነዎት?» ብሎ ጠይቆ መልሱን በዚያው ድምፅ ላይ ቢያስቀር፣ ያ ቅጂ ከጌጥ አልፎ ሰነድ ይሆናል። ወልድያ ዩኒቨርሲቲና የወረዳ ባህል ጽሕፈት ቤቶች ደግሞ አምባሰል የሚያውቁትን አዝማሪዎች፣ የሶለልና የአሸንድዬ ግጥም የያዙትን እናቶች፣ የመንዙማ አዋቂ ሸኾችን በሕይወት ሳሉ ይቅረጹ። ዛሬ ያልተቀረጸ አዋቂ ሲያልፍ አብሮት የሚያልፈውን ማንም መልሶ አያመጣውም።

አንባቢ ሆይ፣ ስልክህን አውጣና የምትወደውን አንድ የወሎ ዘፈን ፈልግ። ዘፋኙ ማን እንደሆነ ካወቅህ ፋይሉ ላይ ስሙን ጻፍለት። ካላወቅህም የሚያውቅ ሰው ጠይቅ፤ ቀጥሎ ለሰው ስትልከውም ከነስሙ ላከው።